ወንድሜም ጎጆ ይውጣ

ግልጽ ደብዳቤ
በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ለምትሠሩ የማኅበራዊ ጉዳይ፣ የትምህርትና የሥራና ሥልጠና ኃላፊዎች፤ ቤት ለምታከራዩ የከተማ ነዋሪዎች፤ አካል ጉዳተኛ ልጅ ላላችሁ ወላጆች

እንደምን ሰነበታችሁ።

እኛ ዘንድ ልጅ ሲጎለምስ ጎጆ ይወጣል። አባት ከማሳው ቆርሶ ይሰጠዋል። በሬ ካለ በሬ፣ ከሌለ ወይፈን ይመርቅለታል። ጎረቤት ተጠርቶ ማገር ይማግራል፣ ጭቃ ይመርጋል፣ ሣር ይከድናል። እናት ምጣድና እንስራ ታሰናዳለች። ከዚያ በኋላ ልጁ በራሱ ስም እድር ይገባል። ለቅሶ ሲደርስም በራሱ ስም ይቆጠራል።

አባቴ ሦስት ወንዶች ልጆች አሉት። ሁለቱን ጎጆ አወጣ። ትንሹ ወንድሜ ዓይነ ሥውር ነው። እሱን ጎጆ ስለማውጣት በቤታችን አንድም ቀን ተወርቶ አያውቅም። ጠልተነው አይደለም። እንዲያውም ከሁላችንም ይበልጥ የሚወደደው እሱ ነው። ነገሩ በሐሳባችን ስላልመጣ ነው። ምን ጊዜም ከአንዳችን ቤት እንደሚኖር አድርገን ነበር የምናስበው። አባቴ "እኔ ስሞት ለማን ልተወው?" እያለ ሲጨነቅ እኔ "አለሁ አይደል?" እለው ነበር። ወንድሜ አጠገባችን ተቀምጦ ይሰማናል። አንተስ ምን ትላለህ ብለን አልጠየቅነውም።

ዓይኑን ያጣው በ4 ዓመቱ ኩፍኝ ይዞት ነው። መንደራችን ከጮቄ ተራራ ሥር ናት፤ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነበር። ኩፍኝ የቫይታሚን ኤ እጥረት ያለበትን ሕፃን ሲይዝ ዓይንን አቁስሎ ሊያጠፋ እንደሚችል የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በ8 ዓመቱ ዓይነ ሥውራን ልጆች በአዳሪነት የሚማሩበት ትምህርት ቤት ገባ። ብሬል ተማረ። ከዚያ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ተቀላቅሎ 12ኛን ጨረሰ። ዩኒቨርሲቲ ገባና በአማርኛ ተመረቀ። የተመረቀ ዕለት እናቴ እልል ብላ ብላ ድምፅዋ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ እዚሁ ደብረ ማርቆስ መምህር ሆኖ ተቀጠረ። ሁላችንም "እፎይ፣ ነገሩ አለቀ" አልን።

ለካ ገና መጀመሩ ነው።

ቤት ፍለጋ ወጣን። ደላላው ያሳየንን የመጀመሪያ ቤት ወደድኩት፤ ቀብድም ከፈልኩ። በማግስቱ ወንድሜ ነጭ በትሩን ይዞ ሲመጣ አከራይዋ ደነገጡ። "ልጄ፣ እሳት ቢያስነሳብኝስ? ሌሊት ጉድጓድ ቢገባብኝስ?" አሉኝ። የሚነግሩት ለእኔ ነው፤ እሱ እዚያው ቆሟል። ቀብዱን መለሱልኝ። ክፉ ሴት አልነበሩም። ቡና አፍልተው "ጠጥታችሁ ሂዱ" ብለውን ነበር። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ቤት እንዲሁ ሆነ። የአራተኛው ቤት አከራይ ተስማሙ፤ ግን እኔ አብሬው እንድኖር ቃል አስገብተውኝ ነው።

ሦስት ወር አብሬው ኖርኩ። አበሰልኩለት፣ አጠብኩለት፣ ደሞዙን ቆጥሬ አስቀመጥኩለት። አጥንት እንዳያንቀው ከወጡ ውስጥ እየለቀምኩ አወጣለት ነበር። ጎረቤት "የተባረክሽ እህት" ይለኛል። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ ላበራ ብዬ ክብሪት ብፈልግ አጣሁ። "እታለም፣ እኔ ልፈልግልሽ፤ ለእኔ መብራት ኖረም አልኖረም አንድ ነው" አለኝ። መደርደሪያውን ዳስሶ አገኘው። ግን አልሰጠኝም። ሳጥኑን በእጁ እንደያዘ ቆየ።

"24 ዓመቴ ነው" አለ። "ክብሪት ጭሬ አላውቅም።"

ትንሽ ዝም ብሎ ደግሞ "እታለም፣ ስለምወድሽ ነው የምልሽ። ወደ ቤትሽ ሂጂልኝ" አለኝ።

አለቀስኩ። ተቆጣሁም። ሳምንት ሙሉ በደንብ አላናገርኩትም። በኋላ ግን ነገሩን ማውጠንጠን ጀመርኩ። ይህ ልጅ ተምሮ ዲግሪ ይዟል። በዚያ ሁሉ ዓመት እሳት አቀጣጥል ያለው፣ ገበያ የላከው፣ ካልሲህን እጠብ ያለው አንድ ሰው የለም። የተማረበት አዳሪ ትምህርት ቤት አደጋ ይመጣል ብሎ ተማሪ ወጥ ቤት አያስገባም ነበር። ክረምት ወደ ቤት ሲመጣ እኛም "አንተ ተቀመጥ" እንለዋለን። ከእኩዮቹ ጋር ከብት ሊያግድ ሲነሳ እጁን ይዘን እንመልሰዋለን። ክብሪት እንዳይጭር ያደረግነው እኛ ነን። ዓይኑ አይደለም።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው ነው። አካል ጉዳተኛ ልጆችን ትምህርት ቤት ማስገባት ጀምረናል። ገና ብዙዎቹ ቤት ቀርተዋል፤ ቢሆንም ጀምረናል። 12ኛን ሲጨርሱ ወይም ሲመረቁ ግን ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ራሳቸው ቤት በር ያለውን መንገድ የሚያሳያቸው የለም። ወላጅ አያውቀውም። መምህሩ የእኔ ሥራ አይደለም ይላል። ቀጣሪው ተዘጋጅቶ እንዲመጣለት ይጠብቃል። በዚህ መሀል ብዙዎቹ ወደ እናታቸው ጓዳ ይመለሳሉ። እዚያው ይቀራሉ።

ለወንድሜ መንገዱን ያሳዩት አንድ መሪጌታ ናቸው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዓይነ ሥውር ናቸው። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ቅኔ ያስተምራሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው እያልን እንኮራለን። የቅኔ ትምህርት በቃል የሚሄድ ነው። ተማሪው ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ሰምቶ ያርማል። ስለዚህ ዓይነ ሥውር ልጅ ጉባኤው ላይ ከሌላው እኩል ይቀመጥ ነበር። ዓይነ ሥውር የሆኑ የቅኔና የዜማ መምህራን ያፈራነውም በዚህ መንገድ ነው። በመጻሕፍት ትርጓሜ ለበረታ ሊቅ አባቶቻችን የሰጡት ማዕረግ "አራት ዓይና" ይባላል። ሰው በዕውቀቱ ዓይን እንደሚያወጣ ያውቁ ነበር።

መሪጌታ ከቤታቸው የወጡት በ12 ዓመታቸው ነው። ደበሎ ለብሰው፣ ቁራሽ ለምነው፣ ከመምህራቸው ደጅ የራሳቸውን ጎጆ ቀልሰው ኖረዋል። ኑሮው መራራ ነበር። ረሃቡን፣ ብርዱን፣ የሰፈር ውሻውን ያነሱታል። እኔም ያ ዘመን ይመለስ አልልም። ግን አንድ ነገር ሲነግሩኝ ከልቤ ገባ። እሳቸው እንደደረሱ ውኃ መውረጃውን፣ እንጨት መልቀሚያውን፣ ቁራሽ የሚሰጠውን ደጅ ያሳያቸው ሌላ ዓይነ ሥውር ተማሪ ነበር። ከእሳቸው ሦስት ዓመት ቀድሞ የገባ። "እሱ ስለኖረበት 'አትችልም' አላለኝም" አሉኝ።

ወንድሜ ከእሳቸው ጋር አንድ ወር ሰነበተ። የመጀመሪያው ትምህርት ዕቃ አቀማመጥ ነበር። "ቤትህ ዓይንህ ነው፤ አታዘበራርቀው" አሉት። ክብሪት ሁልጊዜ ከምድጃው በስተግራ። ጨው በቆርቆሮ፣ ስኳር በፕላስቲክ ዕቃ። በርበሬው ክዳኑ ላይ ክር ታስሮበታል። የነጭ ጋዙ ጄሪካን ከውኃው ርቆ በር ጥግ ይቀመጣል፤ አንገቱ ላይ ጨርቅ ይታሰርበታል። ቢላ ተጠቅመህ ስትጨርስ ወዲያው ወደ ቦታው። በር ወይ ወለል ብሎ ይከፈት ወይ ይዘጋ፤ ገርበብ ያለ በር ግንባር ይፈነክታል። ሌላ ሰው ቤትህ ሲገባ ዕቃ እንዳያንቀሳቅስ አፍረህ ዝም አትበል፤ ንገረው።

ቀጥሎ እሳት። መጀመሪያ እጅጌ ይሰበሰባል። ድስቱ ምድጃው መሀል መቀመጡ በእጅ የሚረጋገጠው ምድጃው ሳይለኮስ ነው። ከተለኮሰ በኋላ ሙቀቱ የሚለካው ከላይ ራቅ ብሎ በእጅ ጀርባ ነው። ሽሮ ውኃው ላይ ሲበተን ድምፁ ቀጭን ነው። እየወፈረ ሲሄድ ጧ ጧ ማለት ይጀምራል፤ ያኔ እሳቱ ይቀነሳል። ሽንኩርት ውኃውን ሲጨርስ ድምፁ ይለወጣል። ቡና ሲቆላ መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፣ ከዚያ ይንጣጣል። እናቴ ስታበስል ብዙውን ነገር በጆሮዋና በአፍንጫዋ እንደምትሠራ ያስተዋልኩት ከዚህ በኋላ ነው። ለካ ከወንድሜ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ነበሩ።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ይገርማል። ወንድሜ 200 ብር ሳያጥፍ ይይዛል። 100 ብር ለሁለት ያጥፋል፣ 50 ብር ለአራት፣ 10 ብር በቁመቱ። መልስ ሲቀበል ሻጩን "አንድ በአንድ ስሙን እየጠራህ ስጠኝ" ይለዋል፤ እዚያው አጥፎ ኪሱ ያስገባል። ስልኩ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብለታል። ይህንን ያሳየው ሌላ ዓይነ ሥውር ጓደኛው ነው።

በትሩም ትምህርት አለው። ብዙ ሰው ዓይነ ሥውር በትር የሚይዘው ለምርኩዝ ይመስለዋል። የነጭ በትር ርዝመት ከመሬት እስከ ደረት አጥንት አካባቢ ነው። ቀኝ እግር ሲራመድ በትሩ በግራ በኩል መሬት ይነካል፤ ግራው ሲራመድ በቀኝ። ስለዚህ ቀጣዩ እግር የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ ይታወቃል። ወንድሜ የማርቆስን መንገድ በወፍጮ ቤቱ ጩኸት፣ በዳቦ ቤቱ ሽታ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው በሚጀምርበት ቦታ ለይቶ አጠናው። አንድ ጊዜ ክዳን የሌለው ቦይ ውስጥ ገብቶ ቅልጥሙ ተገሸለጠ። ለእኔ የነገረኝ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ነው። ቢነግረኝ ኖሮ ተመልሼ እንደምገባበት ያውቃል።

ከወር በኋላ ቤቱን ብቻውን ያዘ። አከራዩን ያሳመኑት መሪጌታ ናቸው። መጥተው ቡና ጠጡና "እኔ 40 ዓመት ብቻዬን ኖሬያለሁ፤ ያቃጠልኩት ቤት የለም" አሏቸው። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ምሳ ጠራኝ። ሽሮ ሠርቶ፣ እንጀራ ከጉሊት ገዝቶ ጠበቀኝ። ሽሮው ጨው በዝቶበታል። ጠርጌ በላሁት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ምሳ በልቼ አላውቅም።

አንዳንድ ሰው "ባገራችን ብቻውን የሚኖር ማን አለ? ይህ የፈረንጅ ነገር ነው" ይለኛል። ጥያቄው አግባብ አለው። እኛ ተደጋግፈን የምንኖር ሰዎች ነን። ራስን መቻል ማለት ግን ሁሉን በራስ እጅ መሥራት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኤድ ሮበርትስ የሚባል ሰው ነበር። በልጅነቱ በፖሊዮ ምክንያት ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። ለመተንፈስ እንኳ መሣሪያ ያስፈልገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 በርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1972 እሱና ጓደኞቹ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሩት ማዕከል አቋቋሙ። ሥራው አካል ጉዳተኛውን በገዛ ቤቱ እንዲኖር መርዳት ነበር፤ ረዳት ፈልጎ መቅጠር፣ ቤት ማግኘት፣ የኖረበት ላልኖረበት ማስተማር። ኤድ ሮበርትስ ከታመመ በኋላ ራሱን አልብሶ አያውቅም። ግን ማን እንደሚያለብሰው፣ መቼ እንደሚነሳ፣ ምን እንደሚበላ የሚወስነው እሱ ነበር።

የእኛው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እዚሁ ማርቆስ ቤተ መንግሥታቸው ውስጥ ሲኖሩ እንጀራ የጋገሩ አይመስለኝም። ጥገኛ ብሎ የጠራቸው ግን የለም፤ አዛዡ እሳቸው ነበሩና። የመሪጌታ ልብስም የሚታጠበው በጎረቤት ልጅ ነው። ይከፍሏታል። ሳሙናውን የሚመርጡት እሳቸው ናቸው።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 19 አካል ጉዳተኛ የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር እንደማንኛውም ሰው የመምረጥ መብት አለው ይላል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 9 የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋም ሀብት እንዲመድብ ያዛል። የሥራ ስምሪቱ አዋጅ ቁጥር 568/2000 ቀጣሪ የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛው እንዲያመቻች ግዴታ ጥሎበታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ይህን የምዘረዝረው ልከራከራችሁ ብዬ አይደለም። የምለምናችሁ ነገር ከሕግ ውጭ እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው።

አንድ ሕግ ግን እንቅፋት ሆኖብናል። ወንድሜ የደሞዝ ሒሳብ ሊከፍት አንድ ባንክ ሄዶ "ሰው ይዘህ ና" ተባለ። የጠሩት ሰው እኔ ነበርኩ። ገንዘቡ የእሱ፣ ስሙ የእሱ፣ ፊርማው የእሱ። ምክንያቱን ስንጠይቅ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቀሱልን። አንቀጽ 1728 የዓይነ ሥውር ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ሕጉ የወጣው እንዳይታለል ለመጠበቅ ነው፤ ይገባኛል። ዛሬ ግን የወንድሜ ስልክ ጽሑፍ ያነብለታል። ከላይ ያነሣሁት የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኛ የገዛ ገንዘቡን ራሱ የማስተዳደር እኩል መብት እንዳለው ይናገራል። ይህ በእናንተ እጅ የሚቀየር ሕግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን በየከተማው ያሉ ባንኮችን ሰብስባችሁ ብታነጋግሩ፣ ቢያንስ ምስክሩን ከራሳቸው ሠራተኞች እንዲመድቡ ብትጠይቁ፣ ሰው ደሞዙን ለማውጣት ሰው እየለመነ አይዞርም ነበር።

እስካሁን የማወራው ስለ ዓይነ ሥውር ነው፤ የማውቀው እሱን ስለሆነ። ግን መሪጌታ ጋ ስመላለስ ሌሎችንም አገኘሁ። በክራንች የሚሄድ አንድ ልጅ አለ። የብረታ ብረት ሙያ ተምሯል፤ እጁ ወርቅ ነው። ቤት መከራየት ያቃተው በሽንት ቤት ምክንያት ነው። የግቢው ሽንት ቤት ቁጢጥ ተብሎ የሚገቡበት ነው፤ እሱ ቁጢጥ ማለት አይችልም። ቀን ቀን እንዳይቸገር ብሎ ውኃ አይጠጣም ነበር። መፍትሔው መሀሉ የተበሳ የእንጨት ወንበር ሆነ። አናጢው ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ለእጅ መደገፊያ የምትሆነውን ብረት ልጁ ራሱ በየዳት። አንድ ወንበር ጠፍቶ አንድ ወጣት ከነሙያው እናቱ ቤት ተቀምጦ ነበር።

መስማት የተሳናት አንዲት ወጣት ደግሞ ፀጉር ቤት ከፍታለች። ጎበዝ ናት። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ግን እናቷን ይዛ መግባት አለባት፤ ምልክት ቋንቋ የሚችል ሠራተኛ የለም። 22 ዓመት የሞላት ሴት ለሐኪም ብቻ የሚነገረውን ነገር በእናቷ አፍ ትናገራለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ቆይቷል። በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን፣ ለምሳሌ ሐሙስ ጠዋት፣ አንድ አስተርጓሚ ጤና ጣቢያና ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቢቀመጥ እነዚህ ልጆች ቀኑን አውቀው ይመጣሉ።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች "የአንቺ ወንድም ይማራል፤ የእኛስ?" ይሉኛል። የጎረቤቴ ልጅ 19 ዓመቷ ነው። እናቷ ቡና ማፍላትን ከፋፍላ በሥዕል ሠራችላት። ማጠብ አንድ ሥዕል፣ መቁላት አንድ ሥዕል፣ መውቀጥ አንድ ሥዕል። ግድግዳ ላይ በቅደም ተከተል ለጠፈችው። አራት ወር ፈጀ። አሁን ልጅቷ እንግዳ ሲመጣ ብድግ ብላ ቡና ታፈላለች። ብቻዋን ትኖራለች አልልም፤ ምናልባት ሁልጊዜ ሰው ያስፈልጋት ይሆናል። ግን ምን እንደምትለብስ፣ ከማን ጋር እንደምትውል ትመርጣለች። እሷም የምትወጣው ጎጆ አለ። መጠኑ ይለያያል እንጂ።

የሴት ልጆች እናቶች ፍርሃት ሌላ ነው። እሱን ቀለል አድርጌ አልናገርም። "ብቻዋን ቤት ባስገባት አንዱ ቢደፍራትስ?" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይደርሳል። ግን ቤት ውስጥ ተቆልፈው የተቀመጡትም ላይ ደርሷል፤ የሚያውቁት ዝም ይላሉ። ልጅቷ ስልክ መደወል ካልቻለች፣ መንገድ ካላወቀች፣ ሰው ካላወቃት ማን ይደርስላታል? ለሴቶቹ ብቻቸውን ሳይሆን ሁለት ሦስት ሆነው የሚኖሩበት፣ ሴት ጠባቂ ያለበት ግቢ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከአባይ ማዶ ከሳይንት የተነሡት ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በ5 ዓመታቸው ዓይናቸውን አጡ። ተምረው የሕግ ባለሙያ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እሳቸውም ቤት ተቆልፎባቸው ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቃቸውም ነበር።

በዚህ ላይ ክልላችን ያለፉትን ዓመታት በግጭት አሳልፏል። እጅና እግራቸውን ያጡ፣ ዓይናቸው የጠፋ ወጣቶች በየመንደሩ ተጨምረዋል። ትናንት ጎጆ የነበራቸው ዛሬ ወደ እናታቸው ቤት ተመልሰዋል። ስለዚህ ልመናዬ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ነው ብላችሁ አታቆዩት።

እንግዲህ የምለምነውን ልናገር። ማርቆስ ላይ አንድ ቤት ስጡን። የቀበሌ ቤትም ቢሆን ይበቃል። ሦስት ክፍል፣ ወጥ ቤትና ወንበር የሚገባበት ሽንት ቤት ይኑረው። ትምህርት የጨረሱ አራት ወይም አምስት አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ለሦስት ወር ይግቡበት። እየተፈራረቁ ገበያ ይሂዱ፣ ያብስሉ፣ ኪራይና መብራት ይክፈሉ፣ ይጣሉ፣ ይታረቁ። የሚያስተምራቸው ሰው ከሌላ ቦታ አይምጣ። ብቻቸውን መኖር የለመዱ አካል ጉዳተኞች እዚሁ አሉ፤ እነሱ እንደ ሙያተኛ ደሞዝ ተከፍሏቸው ያስተምሩ። ሲሠራ ካያችሁት ቀጥሎ ፍኖተ ሰላም፣ ቀጥሎ ሞጣ ይሞከር።

ሦስት ወር ጨርሶ ለሚወጣው ወጣት ደግሞ ለአከራይ የሚያሳየው የዋስትና ደብዳቤ በማኅተም ጻፉለት። አከራዮቹ ክፉ አይደሉም፤ የፈሩት ብቻቸውን መቅረት ነው። አንድ ነገር ቢፈጠር የሚደውሉለት ቢሮ እንዳለ ካወቁ ብዙዎቹ በር ይከፍታሉ። የቦዮቹንም ክዳን አደራ። አዲስ ሕንፃ ፈቃድ ስትሰጡም ፕላኑ ላይ የዊልቸር መግቢያውን ፈልጉ፤ ከተሠራ በኋላ ማፍረስ ለማንም አይመችም።

ወላጆች፣ ለእናንተ ብዙ ቃል የለኝም፤ እኔም ከእናንተ አንዷ ነኝ። ልጃችሁ 10 ዓመት ከሞላው ነገ ጠዋት ክብሪት ስጡት። አጠገቡ ቁሙ። ጣቱ ትንሽ ቢቃጠልም ዳግመኛ ስጡት።

አባቴ ባለፈው ወር ወንድሜን ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። ደጁ ላይ ቆሞ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየ። ሲወጣ "ጥጃዋ የእሱ ትሁን፤ እስክትደርስ እኔ አቆይለታለሁ" አለኝ። ለእኔ አትንገረኝ፣ ግባና ለራሱ ንገረው አልኩት። ተመልሶ ገባ።

መሪጌታን ጠይቄያቸዋለሁ፤ ቤቱ ከተገኘ ለማስተማር ፈቃደኛ ናቸው። ባለክራንቹ ልጅ ለሽንት ቤቱ ወንበርና መደገፊያ በነፃ እሠራለሁ ብሏል። ወንድሜ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ነፃ ነው። እኔ የወጥ ቤት ዕቃውን ከእድራችን ለማሰባሰብ ቃል ገብቻለሁ፤ ሁለት ድስትና አንድ ምድጃ ተገኝቷል። የቀረን ቤቱ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት እህት፣ ከደብረ ማርቆስ